«ለምን?» የምትለዋ ቃል የምትከፍታቸው በሮች

እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ዓድዋ ሄደዋል። ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ሳሙናቸው እንዶድ ነው። እንዶድ ነጠላና ጋቢ እንደሚያነጣ አገር ያውቃል። የዶክተር አክሊሉ ዓይን ግን ከልብሱ አልፎ ወደ ውሃው ሄደ። ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። «ለምን እዚህ ጋ ሞቱ?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ቢልሃርዝያን የሚያመጣው ትል ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት የሚያድገው በውሃ ቀንድ አውጣዎች ሰውነት ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ከጠፋ የትሉ መንገድ ይዘጋል። ወንዝ ዳር የተጀመረችው ጥያቄ የብዙ ዓመት ምርምር ወለደች፤ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ልብስ ስናጥብበት የኖርነው ፍሬም በዓለም ሳይንቲስቶች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዶክተር አክሊሉ ስም የሚጠራ የምርምር ተቋም አለ።

ታሪኩን ሰምታችሁ «ዕድለኛ ናቸው» ብላችሁ እንዳታልፉት። በዚያ ወንዝ ዳር ስንቱ እግሩን ታጥቦ፣ ከብቱን አጠጥቶ አልፏል! በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ነው። አጋጣሚ ሁሉም ቤት ጎራ ይላል፤ አረፍ ብሎ የሚጫወተው ግን «ለምን?» ብሎ ወንበር ከሚስብለት ሰው ጋር ነው። የእናንተም ቤት እንዲህ ባሉ እንግዶች የተሞላ ነው። ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልጋችሁም፤ ማጀታችሁ ይበቃል።

ከሚጥሚጣ እንጀምር። በዛችና አፍ አቃጠለች እንበል። እጃችን ወዲያው ወደ ውሃ ይሮጣል። ውሃው ለአፍታ ያበርዳል፤ ዋጥ ስናደርገው ቃጠሎው እዚያው አለ። ለምን? በርበሬን፣ ቃሪያንና ሚጥሚጣን የሚያቃጥሉ ያደረጋቸው ካፕሳይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እሱም ውሃ ውስጥ እንደ ልብ አይሟሟም። የሚወደው ቅባት ነው። ስለዚህ ወተት ወይም እርጎ ፉት ማለት ከብርጭቆ ውሃ ይሻላል። ሚጥሚጣ ያለበትን ክትፎ ከአይብ ጋር ስትጎርሱ አፋችሁ ለምን እንደሚረጋጋም አሁን ገባችሁ።

የ«ለምን?» በረከቷ እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሌላውን ዘዴ ማንም ሳይነግረው ራሱ ያገኘዋል። ቃሪያ ሲከትፍ ውሎ እጁ ቢቃጠልበት ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ እጁን በትንሽ ዘይት ያሻል፤ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠባል። ዘይቱ የሚያቃጥለውን ያወጣል፣ ሳሙናው ዘይቱን ይዞ ይሄዳል። ዘዴ ብቻ የሸመደደ አንድ ዘዴ አለው፤ ምክንያቱን የያዘ ግን ገና ላልገጠመው ችግር እንኳ መላ አለው።

ሁለተኛው ምሳሌ አዲስ አበባ ያለ ሁሉ በየቀኑ የሚከፍልበት ነው። ባቄላ ወይም ቦሎቄ ጥዳችሁ ሰዓቱ አልገፋ ሲል «ይሄ እህል ምን ነካው?» ብላችሁ ይሆናል። እህሉን ብቻ አትክሰሱት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እኛ ዘንድ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ድስቱ ይንተከተካል፣ ሙቀቱ ግን ያንሳል፤ ስለዚህ እህሉ ይዘገያል። የፓስታው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ደቂቃ እኛ ቤት የማይበቃው፣ ከአዲስ አበባ ሄዳ ዱባይ የምትኖር እህታችንም ባቄላዋ ቶሎ የሚበስልላት ለዚሁ ነው።

ይህቺ አንዲት እውነት ስንት ብር እንደምታተርፍ ተመልከቱ። አንደኛ፣ ውሃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታንቦገቡጉት ሙቀቱ አይጨምርም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱና የከሰል ወይም የመብራት ወጪው ነው። ስለዚህ እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን ግጠሙ። ሁለተኛ፣ ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ ውሃ የጠጣ ፍሬ ለመብሰል ብዙ አይለምንም። ሦስተኛ፣ ፕሬዠር የምንለው ድስት የሚፈጥነው እንፋሎቱን አፍኖ የውሃውን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርስ ነው። ከፍታው የቀማንን ግፊት ድስቱ ይመልስልናል ማለት ነው።

ትንንሾቹንም እንቁጠር። ሽንኩርት የሚያስለቅሰን ሲቆረጥ ከሴሎቹ የሚወጣው ጋዝ ዓይናችን ዘንድ ሲደርስ ነው፤ ሽንኩርቱን ቀድማችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብታቀዘቅዙትና ቢላችሁን ብታስሉት የሚወጣው ጋዝ ይቀንሳል። አልበስል ያለ አቮካዶ ካለ ከበሰለ ሙዝ ጋር ወረቀት ውስጥ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ሙዙ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ያፈጥነዋል። እንዳይበላሽባችሁ የምትፈልጉትን ፍራፍሬ ደግሞ ከሙዙ አርቁት። እንቁላሉ መቆየቱን ከተጠራጠራችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ትኩሱ ይሰምጣል፣ ሲቆይ በቅርፊቱ በኩል እርጥበቱ ወጥቶ አየር ስለሚገባ ይንሳፈፋል። የሻይ ማፍያው ውስጥ የተጋገረው ነጭ ነገር የውሃው ካልሲየም ነው፤ በብረት ሽቦ ከመታገል ሎሚ ወይም አቼቶ ጨምራችሁ አፍሉት፣ አሲዱ ያሟሟዋል።

እናቶቻችን ደግሞ የዚህ ሁሉ ሊቃውንት ናቸው። አብሲትን አስቡት። ከቦካው ሊጥ ትንሽ ተቀንሶ በፈላ ውሃ ይበስላል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ሊጡ ይመለሳል፣ ሊጡ ኩፍ ይላል፣ እንጀራውም ዓይን ያወጣል። ስንዴን የሚለጠጥ የሚያደርገው ግሉተን ጤፍ ውስጥ የለም። በአብሲት ጊዜ የበሰለው ስታርች ሊጡን ያወፍረዋል፤ ከቡኮው የሚወጣው ጋዝም ቶሎ አያመልጥም። «ስታርች» የሚለውን ቃል ያልሰማች እናት ሥራውን ታውቀዋለች! እንዲህ ያለው እውቀት ያለ ሙከራ የሚገኝ አይደለም። የሆነች ሴት በሆነ ዘመን አይታለች፣ ሞክራለች፣ ለልጇም አሳይታለች።

ይህቺ የመጨረሻዋ፣ ማሳየቷ፣ ትልቅ ቦታ አላት። ያዩትን ለራስ ይዞ መቅረት ግማሽ ሥራ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1986 ጂም ሞይላን የተባለ የፎርድ መሐንዲስ በዝናብ ነዳጅ ሊቀዳ ሄደ፤ የመሥሪያ ቤቱን መኪና በማይሆነው ጎን አቁሞ በሰበሰ። ብዙዎቻችን ብንሆን ተራግመን እንረሳዋለን። እሱ ግን ወደ ቢሮው ተመልሶ ሐሳቡን በጽሑፍ አቀረበ፦ የነዳጅ መለኪያው አጠገብ የነዳጁ መክፈቻ በየትኛው ጎን እንዳለ የምታሳይ ምልክት ትኑር አለ። ሐሳቡ በ1989 ሞዴል መኪኖች ላይ ሥራ ላይ ዋለ፤ ሌሎች አምራቾችም ተከተሉ። ዛሬ መኪና ውስጥ ስትገቡ የነዳጅ መለኪያዋን ልብ ብላችሁ እዩ፤ አጠገቧ ትንሽ ቀስት ካለች መክፈቻው በጠቆመችበት በኩል ነው። የአንድ ሰው ብስጭት በአንዲት ማስታወሻ የስንቱን አሽከርካሪ ድካም አቀለለ!

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሰማነው ሁሉ እውነት አይደለም፤ አንዳንዱ ይገድላል። «በረኪና ላይ ሌላ ማጽጃ ቢጨመርበት የበለጠ ያጸዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። አትስሙት። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። «ከሰሉ ፍም ከሆነና ጭሱ ካለቀ ቤት ዘግቶ መተኛት ችግር የለውም» የሚለውም እንዲሁ ነው። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ከቀላው ፍም ይወጣል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይደር። ለእነዚህም መድኃኒቱ ያው ቃል ነው። አንድ ሰው ዘዴ ሲነግራችሁ «ለምን ይሠራል?» በሉት። መልስ ካጣ አጣሩ፤ ጤናን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ባለሙያ ሳትጠይቁ አትሞክሩ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ብቻ። የመጀመሪያው ማስተዋል ነው፦ ያልጠበቃችሁት ነገር ሲሆን፣ ሲያርም፣ ሲጣፍጥም፣ ሲበላሽም፣ «እንዲያው ነው» ብላችሁ አትለፉት። ሁለተኛው መጠየቅ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ ለሊቅነት ዕድሜም ዲግሪም ቅድመ ሁኔታ አይሆኑም። አያታችሁን ጠይቁ፣ የሰፈሩን ጋራዥ ጠይቁ፣ የኬሚስትሪ መምህሩን ጠይቁ። ልጃችሁ «ለምን?» ብሎ ሲያሰለቻችሁም አፉን አታስይዙት፤ አብራችሁት መልሱን ፈልጉ። ሦስተኛው ማካፈል ነው፦ ማጀት ውስጥ አንዲት ደብተር ስቀሉ፣ የተማራችሁትን ከነምክንያቱ ጻፉ፣ ለጎረቤት ንገሩ። ደብተሯ ስትሞላ ለልጆቻችሁ የምትተዉት ቅርስ ይሆናል።

ራሳችሁን «እኔ ምን አውቃለሁ?» ብላችሁ አታሳንሱ። ታላላቅ ግኝቶች ከወንዝ ዳር፣ ከነዳጅ ማደያና ከማጀት ተነሥተዋል፤ የእናንተ ከዚያ የማይነሣበት ምክንያት የለም። ዛሬ ማታ እራት ሲቀርብ አንድ «ለምን?» ጠይቁ። መልሱን ሳታገኙ አትተኙ፤ ያገኛችሁትንም ሳታካፍሉ አትዋሉ።