«ማስገደድ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሕግ በስሙ ብቻ እንደማይመዘን ከሕንድ የምንማረው አለ። ኦሪሳ (የዛሬዋ ኦዲሻ) የተባለችው ክፍለ ግዛት በ1967 (እ.ኤ.አ.) «የሃይማኖት ነፃነት» የተሰኘ ሕግ አወጣች። ሕጉ ሰውን በኃይል፣ በማታለል ወይም በመደለያ ሃይማኖቱን ማስለወጥን ይከለክላል። እስከዚህ ድረስ ተቃውሞ የለኝም። በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 256 ደንግጓልና።

ችግሩ ያለው ትርጓሜው ላይ ነው። በኦሪሳው ሕግ «ኃይል» ዱላ ብቻ አይደለም፤ የፈጣሪ ቁጣ ይደርስብሃል ብሎ ማስፈራራትም ኃይል ነው። ለመሆኑ ጀሀነምን ሳያነሳ የሚያስተምር ዳዒ ወይም ቄስ ይኖራልን? እንዲህም ሆኖ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1977 ሕጉን አጸደቀው። ሃይማኖትን የማስፋፋት መብት ሌላውን የማስለወጥ መብትን አይጨምርም ሲልም ወሰነ።

ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች ይብሳሉ። የኡታር ፕራዴሽ የ2021 ሕግ፣ ሃይማኖቱን መለወጥ የሚሻ ሰው ከ60 ቀን አስቀድሞ ለአውራጃው ሹም እንዲያሳውቅ ያዛል፤ ፖሊስም ይመረምረዋል። አለማስገደዱን የማስረዳት ሸክም የወደቀው በተከሳሹ ላይ ነው። ወደ ቀድሞ ሃይማኖት መመለስ ግን እንደ ለውጥ አይቆጠርም። በሩ ለአንዱ ወገን ብቻ ተከፈተ ማለት አይደለምን? በ2024 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ማንኛውም ሰው ክስ እንዲያቀርብ ፈቀደ።

በ2011 ቆጠራ ክርስቲያኖች ከሕንድ ሕዝብ 2.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ሕግ በቤት ውስጥ ጸሎት የመሩ ፓስተሮች ታስረዋል። የሂንዱ እጮኛ የነበራቸው ሙስሊም ወጣቶችም ተከሰዋል። የሁለቱ አናሳዎች ዕጣ አንድ ነው።

እንግዲህ ሚዛናችን አንድ ይሁን። አልጄሪያ በ2006 ያወጣችው ድንጋጌ ሙስሊምን «በማባበል» ሃይማኖቱን ሊያስለውጥ የሞከረን ከ2 እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣል። «ማባበል» የሚለው ቃል እዚያም ልክ የለውም። በሕንድ ስንበደል የምንጮኽ ሰዎች፣ በአልጄሪያ ክርስቲያኑ ሲበደል ዝም ካልን የምንሻው ፍትሕን ሳይሆን ተራችንን ነው። ማስገደድን እንከልክል፤ ስብከትን ግን ማስገደድ አንበለው። በዱላ የተያዘ ልብ አያምንም፤ በፖሊስ የሚጠበቅ እምነትም እምነት አይባልም።

ወላሁ አዕለም።