ደስ ያላችሁን ተናገሩ

እ.ኤ.አ. በ1973፣ በመጋቢት ወር፣ አንድ የ21 ዓመት አሜሪካዊ ጭጋግ በዋጠው ሌሊት ከመርከብ ወርዶ ዶቨር ወደብ ላይ የእንግሊዝን ምድር ረገጠ። እኩለ ሌሊት አልፏል፤ የእንግዳ ማረፊያዎቹ በራቸውን ዘግተዋል። ልጁ ባሕሩ ዳር ካለ መጠለያ ገብቶ አግዳሚ ላይ ተኮራምቶ አደረ።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ አቀባበል ቢገጥመን ቂም እንይዝ ነበር። የዚህን ወጣት፣ ኋላ ደራሲ የሆነውን የቢል ብራይሰንን ልብ ግን አገሩ ወሰደው። ከአዮዋ ለጉብኝት የመጣው ወጣት ቨርጂኒያ ዋተር በምትባል ስፍራ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ያዘ፤ እዚያው የተዋወቃትን ነርስ አገባ፤ ኋላም ጋዜጣ ቤት ገብቶ የሰው ጽሑፍ አራሚ ሆነ።

ምኑን ወደደው? ቤተ መንግሥቱን እንዳይመስላችሁ። ሰዎቹ በትንሽ ነገር መደሰታቸውን ነው። ከሻይ ጋር አንዲት ብስኩት ስትቀርብላቸው ፊታቸው ሲበራ አየ። ነገር ሲበላሽባቸው «ማጉረምረም አይገባም» ወይም «ለለውጥ ያህል ጥሩ ነው» ብለው ሲያልፉት ሰማ። ይህን ሁሉ ከነአነጋገሩ ለቅሞ በ1995 ባሳተመው «ኖትስ ፍሮም ኤ ስሞል አይላንድ» በተባለው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አኖረው። በ2003 ለዓለም የመጽሐፍ ቀን በተደረገ ምርጫ ድምፅ የሰጡ ሰዎች እንግሊዝን ከሁሉ አብልጦ የሚገልጸው መጽሐፍ ይህ ነው አሉ። አስቡት፤ ባለአገሮቹ ራሳቸውን በእንግዳ ዓይን አዩ!

እኔ እነዚህን አባባሎች ከመጽሐፍ ብቻ አላውቃቸውም። ሊድስ ከተማ ውስጥ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ በምንከባከብበት ጊዜ አንዲት የ86 ዓመት እናት ነበሩ። ዳሌያቸው ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ስለነበር ከወንበር ለመነሣት ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። በሁለት እጃቸው የወንበሩን መደገፊያ ይጨብጣሉ፤ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፤ ትንሽ ከፍ ይሉና መልሰው ይቀመጣሉ። ደግመው ይሞክራሉ። በመጨረሻ ቀጥ ብለው ሲቆሙ «እንዴት ነዎት?» እላቸዋለሁ። «ኖት ቱ ባድ፣ ላቭ» ይሉኛል። «ብዙም አይከፋ፣ ሆዴ» ማለታቸው ነው። «ላቭ» በዮርክሻየር ለዘመድም፣ ለባለሱቅም፣ ለአውቶቡስ ሾፌርም የሚባል ቃል ነው።

መጀመሪያ ሕመማቸውን የሚደብቁኝ መስሎኝ ነበር። ውሎ አድሮ ገባኝ። እኛስ «አይከፋም» እንል የለም? ሰው ስለ ጤናችን ሲጠይቀን «ምን ይባላል፣ ተመስገን ነው» እንል የለም? እኒያ እናት ሕመሙ የለም አላሉም፤ ልክ አበጁለት እንጂ። ይህን የተረዳሁ ዕለት ከአገር ቤት የሚለየኝ፣ ከ6000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ርቀት የጠበበ መሰለኝ።

ስለዚህ የሰው አገር ቋንቋ የምትማሩ ወዳጆቼ፣ በእንዲህ ያሉ አባባሎች በር ግቡ። የሰዋስው መጽሐፉን አትጣሉት። ግን ሰዎች ሲደክማቸው፣ ሲያፍሩ፣ ሲደሰቱ ከአፋቸው ምን እንደሚወጣ ጆሯችሁን ጥላችሁ ስሙ። ብራይሰን አፉን የፈታው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም እንደ ጀማሪ ማዳመጡን አልተወም፤ በ1984 የሚያሳስቱ ቃላትን የሚያብራራ መዝገበ ቃላት፣ በ1990 ደግሞ የቋንቋውን ታሪክ አሳተመ። የወደደ ሰው መማር አይሰለቸውም።

የወደዳችሁትንም በሆዳችሁ አትያዙት። ብራይሰን ለዚያ የጉዞ መጽሐፉ ሲዘዋወር ዱራም ከተማ ላይ ከባቡር የወረደው ግንባታው በ1093 የተጀመረውን ካቴድራል ለአንድ ሰዓት ያህል አይቶ ሊሄድ ነበር። ከተማዋ ግን አፉን አስከፈተችው፤ ያላያት ሁሉ ዛሬውኑ ተነሥቶ ይሂድ ብሎ ጻፈ። እንዲህ በል ብሎ ማንም አልለመነውም። የጉዞ መጽሐፉ በወጣ በ10 ዓመቱ፣ በ2005፣ የዱራም ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነ፤ እስከ 2011 አገለገለ። በተከታዩ ዓመት የዩኒቨርሲቲው ዋና ቤተ መጻሕፍት በስሙ ተሰየመ። እርግጥ አድናቆት ሁሉ እንዲህ አይከፈልም። እኔን የበለጠ የሚያስደስተኝ ግን ሌላው ሥራው ነው፤ ከ2007 እስከ 2012 ለእንግሊዝ ገጠር የሚሟገተውን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መርቶ በየመንገዱ ዳር የሚጣለውን ቆሻሻ ሲዋጋ ኖረ። አገሩን በቃል አሞካሽቶ ብቻ አልተወውም።

እኔም አንድ ቀን ጫማዬን እያሰርኩ ለእኒያ እናት «ያቺን ቃልዎን እወዳታለሁ፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ለራሴ እላታለሁ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቅር አሰኘኋቸው ብዬ ደነገጥኩ።

በማግስቱ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ጠበቀኝ። በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል፣ 14 አባባሎች ተጽፈውበታል። «የእናቴ ናቸው፤ ውሰዳቸው» አሉኝ። ከወረቀቱ አጠገብ ሁለት ኩባያ ሻይና አንዲት ብስኩት ነበሩ። ብስኩቷ የእኔ ናት። ሻዩን ያፈሉት ራሳቸው ተነሥተው ነው።