«8 ሰዓት» ስንት ሰዓት ነው? — የጤና መመሪያን ለጤና ኬላና ለቤተሰብ ስለ መተርጎም

ካህኑ ዕዝራ የሕጉን መጽሐፍ በሕዝቡ ፊት ከማለዳ ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን ባነበበ ጊዜ ሌዋውያን ቆመው የተነበበውን ሕዝቡ ያስተውል ዘንድ ይተረጉሙ እንደነበር በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 ተጽፏል። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ሥርዓት አልተወችም። በጉባኤ ቤት ደቀ መዝሙሩ አስቀድሞ ንባቡን በግእዝ ያጠናል፤ ከዚያም አንድምታውን በአማርኛ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ንባብ የዘለቀ ሁሉ ትርጓሜ ያውቃል አይባልም፤ ትርጓሜው የራሱ ጉባኤ፣ የራሱ ድካምና የራሱ ዘመን አለው።

ይህን በመግቢያችን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ እትም ልናጠናው የመረጥነው ጉዳይ የትርጓሜ ጉዳይ ነው። ሀገራችን መልካም መልካም የጤና መመሪያዎች አሏት። መመሪያው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎብዬ አካባቢ ካለች አንዲት ጤና ኬላ፣ ከዚያም ከአንዲት እናት እጅ እስኪደርስ ድረስ ግን ማን ይተረጉመዋል?

አስቀድመን መመሪያው ከየት እንደመጣ እንመልከት። የጤና ሚኒስቴር በ2017 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ የሕክምና መመሪያን አውጥቷል። መመሪያው በጤና ጣቢያ ለሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች የተዘጋጀ ሲሆን ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆችንና 15 ዓመት የሞላቸውን ሁሉ ይመለከታል። ከ5 ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት የሚታከሙት ቀደም ሲል በተዘረጋው የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና ሰንጠረዥ ነው። የመመሪያው መሠረት በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ሥራ ነው። እዚያ ሥራው የጀመረው ስለ ሳንባ ሕመም ብቻ ነበር። የገጠር ክሊኒክ ነርስ ብቻዋን ሆና ሳል ይዞት የመጣውን ሰው ስታይ ሳንባ ነቀርሳ ይሁን አስም ወይም ሌላ በቅደም ተከተል እየጠየቀች እንድትለይ የሚረዳ አጭር መጽሐፍ ተዘጋጀላት። በፍሪ ስቴት ክፍለ ሀገር በ40 ክሊኒኮች ተፈትኖ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን የመለየት ሥራ መሻሻሉ በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሕመሞች እየተጨመሩበት አደገ። የኢትዮጵያ ባለሙያዎችም ከደቡብ አፍሪካውያኑ ጋር ተቀምጠው ከሀገሩ በሽታ፣ ከሀገሩ መድኃኒትና ከሀገሩ የጤና አደረጃጀት ጋር አስማሙት።

የዚህ መጽሐፍ ብልሃቱ ከሕመም ስም አለመነሣቱ ነው። ታማሚው «ቲቢ አለብኝ» ብሎ አይመጣም፤ «ያስለኛል» ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ገጹ የሚከፈተው በምልክቱ ነው፤ አስቸኳዩ ከላይ፣ ሌላው ከታች ይከተላል። ሥልጠናውም ሠራተኛውን ከሥራ ገበታው ነቅሎ ለሳምንት ሆቴል ማስቀመጥ ሳይሆን፣ በዚያው በተቋሙ ጥቂት ጥቂት ሰዓት እየተሰበሰቡ ታሪክ ያለው ምሳሌ ይዞ መወያየት ነው። እኛ በልማት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በዚህ ነገር ብዙ ልንገሠጽ ይገባናል። አበልና የስብሰባ ከረጢት የሌለበት ሥልጠና ሥልጠና የማይመስለን ጥቂት አይደለንም።

ሆኖም መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ነርሷ በእንግሊዝኛ ታነብበዋለች፤ በአማርኛ ትናገረዋለች። ማንም ሳያርመው፣ ማንም ሳይመሰክርበት፣ በየቀኑ በየክፍሉ የሚደረግ ትርጓሜ ይህ ነው። ስሕተት የሚገባውም በዚህ በር ነው።

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የራያ ቆላ ከ2000 ሜትር በታች በመሆኑ የወባ ሀገር ነው። ክረምቱ ከወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ፣ ማሽላው የሚያሸትበትና የሚሰበሰብበት፣ ወባም የሚበረታበት ነው። በሀገር ደረጃ በ2024 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውንና ከ1100 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። በአካባቢው ላይ ደግሞ የ2013 እና የ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጥላ አለ። በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ስለ አልጋውና ስለ ማይክሮስኮፑ ብዙ ተነግሯል፤ ከግድግዳ ላይ ስለ ተቀደደው ሰንጠረዥና ስለ ተበተነው መዝገብ የሚናገር ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ርእሳችን እንመለስ። በዚሁ አካባቢ ስንዘዋወር የሁለት ዓመት ልጅ ያላት አንዲት እናት አገኘን። ልጇ በወባ ታምሞ ኳርተም ተሰጥቶታል። ክብደቱ ከ5 ኪሎ እስከ 15 ኪሎ ከሚደርሱት መደብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አንድ ፍሬ፣ በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት እዚያው ዋጠ። ከመድኃኒቱ ጋር በአማርኛ የተጻፈች ወረቀት ተሰጥታት ነበር፤ ወረቀቷም ሁለተኛውን «ከ8 ሰዓት በኋላ» ስጪ ትላለች። እናቲቱ ሁለተኛውን የሰጠችው በማግስቱ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል 23 ሰዓት ያህል አለፈ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ተንቀጠቀጠ፤ ወደ ሆስፒታል ተወስዶ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ትጋት ተረፈ። መንቀጥቀጡን ያመጣው የመድኃኒቱ መዘግየት ብቻ ነው ልንል አንችልም። ነገር ግን ሴትዮዋ ቸልተኛ ነበረች ማለት ፍጹም ሐሰት ነው። «ወረቀቱ 8 ሰዓት ይላል፤ እኔም 8 ሰዓትን ጠበቅሁ» አለችን። እውነቷን ነው።

ያችን ወረቀት ማን እንዳዘጋጃት መናገር አያስፈልግም። እኛም ከዚያ በፊት አንብበናት፣ መልካም ናት ብለን አልፈናል። በእንግሊዝኛ የጊዜ ርዝመትና የቀኑ ሰዓት በሁለት የተለያዩ ቃላት ይነገራሉ። በአማርኛ ግን «8 ሰዓት» የጊዜው ርዝመትም ነው፤ ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓትም ነው። የተማረው ሰው ከአገባቡ ይለየዋል፤ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ያቀፈች እናት ግን አገባብ እንድትመረምር አይጠበቅባትም። ይህ ነገር በኳርተም ብቻ አይቆምም፤ «በየ6 ሰዓቱ» የሚለውን ጠዋት በ12 ሰዓትና ቀን በ6 ሰዓት ብቻ የሚሰጡ እንዳሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነግረውናል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወረቀቱ ርዝመቱን ሳይሆን ሰዓቱን ይናገር። ባዶ ቦታ ይተውና መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው በእጁ ይሙላው፦ የመጀመሪያው ጠዋት በ3 ሰዓት ከሆነ ሁለተኛው ማታ በ11 ሰዓት፤ የመጀመሪያው ከሰዓት በ9 ሰዓት ከሆነ ሁለተኛው ሌሊት በ5 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ ናቸው፤ ለእነርሱ የምትወጣና የምትጠልቅ ፀሐይ መሣል ይበቃል። መድኃኒቱን የሰጠው ሰው እናቲቱን ሳይሸኝ «መልሰሽ ንገሪኝ» ይበላት። በጉባኤ ቤት መምህሩ ያስተማረውን ሳያስቀጽል አያሰናብትም፤ በጤና ኬላ ይህ እንደ ጊዜ ማባከን የሚታይበት ምክንያት አይገባንም።

ሁለተኛው የትርጓሜ ችግር የእኛው የቤተ ክርስቲያን ልጆች ጉዳይ ነው። መመሪያው ኳርተም ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ይወሰድ ይላል፤ ቅባት ከሌለ መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደም አይገባምና። ወባ የሚበረታበት ወቅት ግን ጾመ ጽጌን የሚያገኝ ሲሆን ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። ወተት የሚለውን ቃል የሰማች ጿሚ ሴት ሦስት ነገር ልታደርግ ትችላለች፦ መድኃኒቱን በባዶ ሆዷ መዋጥ፣ እስከ 9 ሰዓት ማቆየት፣ ወይም ጭራሹን መተው። ሦስቱም መልካም አይደሉም። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብሮ መነገር አለበት። አንደኛው፣ ሕመምተኛ ከጾም ሸክም የሚፈታ መሆኑን በፍትሐ ነገሥት የጾም አንቀጽ ሥር የተማርነው ነው፤ ይህን የሚናገረው ግን ነርሷ ሳትሆን የንስሓ አባት ነው። ነርሷ «ጾምሽን ተዪ» ብትላት አትሰማትም፤ ልትሰማትም አይገባትም። ሁለተኛው፣ ጾሟን መተው ያልወደደች ሴት በዘይት የተሠራ ሽሮ ወይም ተልባና ኑግ አላት፤ ቅባት ማለት የግድ ወተት ማለት አይደለም። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በመመሪያው ውስጥ የለችም። ኖራ ቢሆን ብዙ ክርክር ታስቀር ነበር።

ቫይቫክስ በተባለው የወባ ዓይነት ደግሞ ችግሩ ቀን መቁጠር ነው። ተደብቆ የሚቀረውን ተውሳክ ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ለ14 ቀናት ይሰጣል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ስለሚለቅ አብዛኛው ሰው መድኃኒቱን በመንገድ ላይ ይተወዋል። አንድ ካህን የሰጡንን ሐሳብ ወደድነው፦ በሚካኤል የጀመረ በመርቆሬዎስ ይጨርሳል፤ በልደታ የጀመረ በአቡነ አረጋዊ ይጨርሳል። ከ12 እስከ 25፣ ከ1 እስከ 14፤ ቆጥረን አረጋገጥነው። ለምእመናን ከዚህ የሚቀል አቆጣጠር የለም። ነገር ግን ራያ የክርስቲያኑ ብቻ ሀገር አይደለም፤ ጤና ኬላውም የሁሉ ነው። ሙስሊሙ ጎረቤት በዚህ ካርድ ምን ያደርጋል? ስለዚህ በካርዱ ላይ 14 ባዶ ሳጥኖች ብቻ እንዲኖሩና የበዓላቱ አቆጣጠር በካህኑ አፍ እንዲቀር ተስማማን። የረመዳንን ጾም በተመለከተም ከአካባቢው የሃይማኖት አባቶች ጋር ተመሳሳይ ምክክር ያስፈልጋል፤ እርሱን እኛ ልንተረጉመው አይገባንም።

በጠበል ስፍራ ስላለው ጉዳይ ጥቂት እንበል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በሰንጠረዡ ላይ አራት አጠቃላይ የአደጋ ምልክቶች ተጽፈዋል፦ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስታወክ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። ከአራቱ አንዱ ከታየ ሕፃኑ በአስቸኳይ ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ አለበት። እነዚህን ምልክቶች ከነርሷ አስቀድሞ የሚያያቸው ብዙ ጊዜ የጠበሉ አጥማቂ ነው፤ የተንቀጠቀጠ ልጅ አስቀድሞ የሚወሰደው ወደ ጠበል ነውና። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደማይከለከል በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ስለ ባለመድኃኒት ክብር የሚያስተምረው አለው። ስለዚህ የእኛ ትርጓሜ ጠበሉን የሚነካ አይደለም፤ አጥማቂው አራቱን ምልክቶች በቃሉ ይዞ፣ ጸሎቱን አድርሶ ሕፃኑን በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም እንዲሸኝ ነው። «ሰባት ቀን ይጠመቅና» የሚለው ለሌላ ሕመም ይሁን፤ ለዚህ አይሆንም።

እዚህ ላይ ራሳችንን የምንቆጣጠርበት ልጓም ያስፈልገናል። የአንድምታ መምህር ንባቡን አይለውጥም። እኛም የመድኃኒቱን መጠን፣ የአደጋ ምልክቱን፣ የትንፋሹን ቁጥር ለማቅለል ብለን ልንነካ ሥልጣን የለንም። ሕፃኑ ከ2 ወር በታች ከሆነ በደቂቃ 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር ከሆነ 50፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ ፈጣን ነው ከተባለ፣ «50 ያህል» ብሎ አንድ ማድረግ ማቅለል ሳይሆን ማጥፋት ነው። የምናዘጋጀው ማንኛውም ወረቀት ሳይታተም በፊት በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይታይ፤ የተዘጋጀበት ዓመትም በግልጽ ይጻፍበት። መመሪያ ይታደሳል፤ ወረቀት ግን ከግድግዳ ላይ አይወርድም።

የተሻሻለውን ካርድ ረቂቅ ይዘን ወደዚያችው እናት ተመለስን። ማንበብ ትችላለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልን። «ሌሊት በ5 ሰዓት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ቤታቸው ሰዓት የለም፤ ዶሮ የሚጮኸው ደግሞ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ነው። አብራን የነበረችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የባልየውን ስልክ ተቀብላ ደወሉን ሞላችላቸው። በካርዱ ራስጌ ላይም አንዲት ጥያቄ በእስክሪብቶ ጨመረች፦ «በቤታችሁ የሚደውል ስልክ አለ?» መልሱ የለም በሚሆንበት ቤት ምን እንደሚደረግ ከወረዳው ባለሙያዎች ጋር ገና እየተነጋገርን ነው።