ሾትገን በከብት በረት፦ ጥይቱ ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም

ሞያሌ ላይ የተገዛ ግመልና በሬ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ በኩል ወደ ናይሮቢ እስኪጫን ድረስ በረት ውስጥ ያድራል። ሌሊቱ ደግሞ የጅብም የሌባም ነው። ፈቃድ ያለው የከብት ባለቤት ሾትገን የሚመርጠው በቅርብ ርቀት ስለሚሠራና ጥይቱ እንደ ክላሽ ሩቅ አይሄድም ብሎ ነው። ይህ ግን የሚሠራው ጥይቱ ከጠመንጃው ጋር ሲስማማና የእርሳሱ ፍሬ የት እንደሚያርፍ ሲታወቅ ብቻ ነው። አለበለዚያ ጅብ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ጠመንጃው የሚያደርሰው ይብሳል።

አፈሙዙ ላይ ምን ተጽፏል?

የሾትገን ስፋት የሚለካው በጌጅ ነው። ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም ገደማ እርሳስ፣ አሥራ ሁለት እኩል ድብልብል ጥይቶች ቢሠሩ የአንዱ ስፋት የ12 ጌጅ አፈሙዝ ስፋት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ 16 ጌጅ 16.8፣ 20 ጌጅ ደግሞ 15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። 410 የሚባለው ብቻ በጌጅ ሳይሆን በኢንች የተሰየመ ሲሆን 10.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ትልቁ አደጋ የ12 እና የ20 ጌጅ ጥይት በአንድ ኪስ ሲቀላቀል ነው። የ20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀራል። ተኳሹ ባዶ መስሎት ከኋላው የ12 ጌጅ ጥይት አጉርሶ ምላጩን ሲስብ አፈሙዙ በእጁ ላይ ይፈነዳል። ብዙ ፋብሪካዎች የ20 ጌጅን ጥይት ቢጫ የሚያደርጉት በዚህ ምክንያት ነው። ቀለም ብቻውን ግን አይታመንም፤ በጥይቱ ቂጥ ላይ ያለው ቁጥር መነበብ አለበት።

ሁለተኛው ቁጥር ርዝመት ነው፤ 65፣ 70 ወይም 76 ሚሊ ሜትር። የታጠፈው የጥይት አፍ ሲተኮስ ይዘረጋል፤ ጥይቱ ላይ የተጻፈውም ከተዘረጋ በኋላ ያለው ርዝመት ነው። ስለዚህ የ76 ጥይት በ70 ጠመንጃ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ሲተኮስ ግን አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ከልክ በላይ ይንራል። በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ጽሑፉ ከጠፋ የጠመንጃ ባለሙያ ሳይለካው ጥይት ማጉረስ አይገባም።

ከአፈሙዙ የሚወጣው የት ይቆማል?

የሾትገን ጥይት በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። ለወፍ የሚሆን ደቃቅ ፍሬ፣ ለትልቅ አውሬ የሚሆን ትልልቅ ፍሬ፣ እና ስላግ የሚባለው አንድ ወጥ እርሳስ። ከትልልቁ ፍሬ ውስጥ ድርብ ዜሮ የሚባለው እያንዳንዱ ፍሬ 8.4 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በተለመደው የ12 ጌጅ ጥይት ውስጥ ዘጠኝ ፍሬ ይገኛል። ስላግ ብዙውን ጊዜ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ጫፉ ካልጠበበ አፈሙዝ የወጣ ፍሬ በግምት በየሜትሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይበተናል። በ20 ሜትር ግማሽ ሜትር ስፋት ይይዛል ማለት ነው። ፍየል አንገት ላይ ወዳለ ጅብ የተተኮሰ ፍሬ ፍየሉንም ያገኛል፤ ከኋላ ያለችውንም ግመል አይምርም።

የመሄጃው ርቀት ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ነው። ደቃቁ ፍሬ ከ200 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ትልልቁ ከ500 ሜትር ያልፋል፤ ስላግ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የእሾህ አጥር አንዱንም አያስቆምም። ከበረቱ ባሻገር መንደር ወይም የመኪና መንገድ ካለ ትልልቅ ፍሬና ስላግ ቦታቸው አይደለም። ደቃቁ ፍሬም ቢሆን በቅርብ ሰው ይገድላል። ጨለማ ውስጥ በድምፅ ብቻ ማነጣጠር ጨርሶ ክልክል ነው፤ መጀመሪያ የእጅ ባትሪ፣ ከዚያ ጩኸት ይቅደም። ብዙ ጅብ በዚሁ ይሄዳል።

ስላግ ጫፉ በጣም በጠበበ አፈሙዝ አይተኮስም። የብረት ፍሬ ያለው ጥይትም ለእርሳስ ብቻ በተሠራ አሮጌ አፈሙዝ አይሆንም።

አያያዝ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ማንኛውም ጠመንጃ ታይቶ እስኪረጋገጥ እንደጎረሰ ይቆጠራል። ተሰባሪው ተከፍቶ ሁለቱም አፈሙዝ ይታያል። ባለ ካዝናው ካዝናው ከወጣለት በኋላም ጉሮሮው ውስጥ አንድ ጥይት ሊቀር ስለሚችል በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። የደህንነት ቁልፉ በብዙዎቹ ላይ ምላጩን ብቻ ስለሚይዝ ጠመንጃው ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ መኪና ላይ ሲወጣ፣ አጥር ሲዘለልና እንስሳ ሲጫን ጠመንጃው ባዶ መሆን አለበት።

ምላጭ ተስቦ ጥይቱ ካልተኮሰ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መጠበቅ ይገባል፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ድምፁ ከወትሮው ከደከመ አፈሙዙ ውስጥ የተሰነቀረ ነገር ሊኖር ስለሚችል ሳይፈተሽ ሌላ አይጎረስም። የአፈሙዝ ጭቃም እንዲሁ አደገኛ ነው። ውኃ ነክቶት ያበጠ፣ ቂጡ የዛገ ወይም መኪና ውስጥ በፀሐይ የከረመ ጥይት አይታመንም።

ፈቃዱ ድንበር አይሻገርም

በኬንያ ማንኛውም የግል ጠመንጃ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሰጪ ቦርድ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ወረቀቱ የባለስሙ ብቻ ነው፤ ነጋዴው ጠመንጃውን ፈቃድ ለሌለው በረት ጠባቂ ትቶ ቢሄድ ሁለቱም ይጠየቃሉ። በኢትዮጵያ በኩል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይሠራል። የአንዱ አገር ፈቃድ በሌላው አገር ዋጋ የለውም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የሞያሌ የጋራ ድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሥራን አቀራረበ እንጂ የጠመንጃ ፈቃድን አንድ አላደረገም። በጃኬት ኪስ ወይም በመኪና ወንበር ሥር የተረሳች አንዲት ጥይትም ጥይት ናት፤ ከመሻገር በፊት ይፈተሽ።

ኬንያ አደንን ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች። ጅብ ወይም አንበሳ በረት ካስቸገረ ጉዳዩ ለኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ይነገራል፤ የ2013 እ.ኤ.አ. የዱር እንስሳት ሕግም በተዘረዘሩ አውሬዎች ለተበላ ከብት ካሳ መጠየቂያ መንገድ አለው። ለዚህ የሞተው ከብት ሳይነሳ ፎቶ ማንሳትና ቶሎ ማመልከት ይጠቅማል።

እንግዲህ ከመተኮስ በፊት ሦስት ነገር ይታይ፦ አፈሙዙና ጥይቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው ወይ? ከዒላማው ኋላ ምን አለ? ፈቃዱስ የዚህ ምድርና የዚህ ሰው ነው ወይ? ለአንዱ እንኳ መልስ ከጠፋ ጠመንጃው ባዶውን ይቆያል። የጠፋ ፍየል በሌላ ገበያ ይተካል፤ የጠፋ ሰው ግን አይተካም።