ሳድስ ድምፅ አለው

(በራያዋ ሮቢት አንድ የኔታና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ተማሪ፦ የኔታ፣ ሳድስ ፊደል አናባቢ የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቱ ምን ይላሉ?

የኔታ፦ እስቲ «ብርሃን» በል። «ብ» ላይ ከንፈርህ ከተላቀቀ በኋላ የወጣው ምንድን ነው? የምላስህ መካከል ወደ ላይ ይነሣል፤ እንደ «ኢ» ወደ ፊት አይገፋም፣ ከንፈርህም እንደ «ኡ» አይሞጠሙጥም። ይህ ራሱን የቻለ አናባቢ ነው። «ር» ላይ ግን የለም። ፊደሉ ለሁለቱም አንድ መልክ ስላለው ነው ሰዉ የሚሳሳተው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዒዛና ዘመን አካባቢ አናባቢ በፊደላችን ላይ ሲቀጠል ሳድስ ሁለት ሥራ ተሸከመ፤ እስከ ዛሬም እንደተሸከመ ነው።

ተማሪ፦ ድምፁ ከየት መጣ?

የኔታ፦ ከአጭር «ኢ» እና ከአጭር «ኡ»። ዐረቡ ጥርስን «ሲን»፣ ጆሮን «ኡዝን» ይላል። ግእዙ «ስን» እና «እዝን» ብሎ ሁለቱን አንድ አደረጋቸው።

አሁን እዚህ ራያ ገበያ መካከል ቆመህ አዳምጥ። አማርኛ ተናጋሪው «እግር» ሲል «ግ» ላይ ድምፁን ያሰማል። ትግርኛ ተናጋሪው «እግሪ» ይላል፤ «ግ»ን ዘግቶ «ኢ»ን መጨረሻው ላይ ያመጣል። ኦሮምኛና አፋርኛ ሳድስ የላቸውም። አናባቢያቸው አምስት ነው፤ እያንዳንዱ አጭርም ረጅምም ይሆናል፤ ርዝመቱም ትርጉም ይለያል። በኦሮምኛ «ላፋ» ባጭሩ መሬት ነው፤ ሁለቱም «ኣ» ሲረዝሙ ልስልስ ማለት ይሆናል። እኛ ርዝመቱን አንሰማም፣ እነሱ ሳድሳችንን ወደ «ኢ» ያስጠጉታል። አንዱ የሌላውን ንግግር አበላሸ ማለት ግን ስሕተት ነው።

ተማሪ፦ ከእኛ ውጭስ?

የኔታ፦ ሩሲያና ሮማኒያ ለሳድስ የሚቀርብ ድምፅ፣ የራሱም ፊደል አላቸው። ቱርክም ነጥብ በሌለው «አይ» ፊደል ተቀራራቢውን ትጽፋለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የእኅቴ ልጅ ነገር ነው። አባቷ ብርሃን ይባላል። የትምህርት ማስረጃዋ ላይ «ብ»ን በእንግሊዝኛው «አይ» ፊደል ጻፉላት። ፓስፖርት ስታወጣ ጸሐፊው በእንግሊዝኛው «ኢ» (E) ፊደል ጻፈው። ወንድሟ ጋ ደግሞ ምንም አናባቢ ሳይገባ ቀረ። አንድ አባት ሦስት ሰው ሆነ! ዐረብ አገር ለመሄድ ቪዛ ስትጠይቅ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ተላከች፤ የአባቷን ማንነት አረጋግጪ ተባለች፤ ከቆቦ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ ተመላለሰች። ምስክር አቆመች፤ ማኅተም አስመታች፤ ከዘመድ የተበደረችው ገንዘብም በመንገድና በወረቀት አለቀ። ጸሐፊዎቹ አልዋሹም፤ ሦስቱም ያንኑ ድምፅ ለመያዝ ሞክረዋል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል ግን ለእሱ ማረፊያ የለውም። ድምፅ የለውም ያሉት ሰዎች መጥተው ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር? ባዶ ነገር እንዴት በሦስት ዓይነት ይጻፋል?

ተማሪ፦ ታዲያ በየትኛው ይጻፍ?

የኔታ፦ በየትኛውም ቢጻፍ ልክ አይገባም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የተጻፈውን ይዞ በየወረቀቱ በዚያው መጽናት ነው። ያንተ የአባትህ ስም ምንድን ነው? ሳድስ ካለበት የልደት ካርድህን ነገ ይዘህ ና፣ ከመታወቂያህ ጋር እናስተያየው።