ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በጎማ ዙር የተለካ ካርታ

ዛሬ የማቀርብላችሁ ስለ ካርታ አሠራር ነው።

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለሳይክል የተመቸች ከተማ ናት። እኔም በሳይክል ነበር የምመላለሰው። መስከረም ላይ ግን አስፋልት ስሻገር ባጃጅ ድንገት ሲታጠፍብኝ ወደቅኩና ጉልበቴ ተላጠ። እናቴም «ከዛሬ ጀምሮ በእግርሽ!» አለችኝ። ብለምናትም እምቢ አለች። ስለዚህ መንገዱን በካርታ ላሳያት አሰብኩ።

መጀመሪያ ርቀት መለካት ነበረብኝ። ሜትር የለኝም፤ ጎማ ግን አለኝ። የፊት ጎማዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ 66 ሴንቲ ሜትር ነው። በሒሳብ እንደተማርነው ዙሪያው 66 × 3.14 = 207 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ማለትም ጎማው አንዴ ሲዞር 2.07 ሜትር እንሄዳለን። የጎማው ሽቦ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬ እየገፋሁ ቆጠርኩ። (ጎማው በደንብ ይነፋ፤ ነፋስ ከጎደለው ልኬቱ ይሳሳታል። እኔ ግማሽ መንገድ ሄጄ እንደገና ጀምሬያለሁ።) 870 ዙር ሆነ፤ ይህም 1 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር ያህል ነው። መስፈርቱን 1 ሴንቲ ሜትር ለ100 ሜትር ሳደርገው መንገዱ 18 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ደብተር ላይ በቃ።

ችግሩ፣ ሱቁንም ዘንባባውንም አንድ ሳላስቀር ሣልኩት። እናቴ አየችውና «ትምህርት ቤቱ የቱ ጋ ነው?» አለች።

ይህን ለኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራችን ስነግራቸው ስለ ሃሪ ቤክ አጫወቱኝ። ሃሪ ቤክ በ1931 እ.ኤ.አ. የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ እንደ ኤሌክትሪክ መስመር ንድፍ አድርጎ የሣለ ሰው ነው። ጠመዝማዛውን ሁሉ አቃንቶ፣ እያንዳንዱን መስመር በየራሱ ቀለም ለየው። መጀመሪያ አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1933 እ.ኤ.አ. ሲታተም ግን ሕዝቡ ወደደው። ተሳፋሪ የሚፈልገው የት እንደሚወርድ ማወቅ ነዋ!

እኔም እንደገና ሣልኩ። ኮብልስቶኑን አረንጓዴ፣ አስፋልቱን ሰማያዊ፣ ወርጄ የምገፋበትን መሻገሪያ ቀይ ነጥብ አደረግኩ። መስመር ሲቃና መስፈርቱ ስለሚጠፋ በየመስመሩ ጎን የዙሩን ቁጥር ጻፍኩ።

እናቴ ቀዮቹን በጣቷ ቆጠረች። «ሦስት! በሐይቁ በኩልስ ብትሄጂ?» በማግስቱ ቆጠርኩት፦ 1,100 ዙር፣ አንድ ቀይ ብቻ። በ230 ዙር፣ ማለትም በ476 ሜትር ይረዝማል።

«476 ሜትር ለአንቺ ምንሽ ነው?» አለችና የሳይክሉን ቁልፍ ሰጠችኝ።

ካርታው ሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ተለጥፏል። በእናንተ ሰፈር በኩል ያለውን ቀይ ነጥብ በእርሳስ ጨምሩበት፤ በእስክሪብቶ ግን አይሆንም።

አዘጋጅ፦ ከ7ኛ «ለ» ክፍል