ገበያተኛን የሚያርቀው የማቆሚያ ክፍያው ነው ወይስ ቅጣቱ?

በእንግሊዝ አገር ትናንሽ ከተሞች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል የመጣ አንድ ክርክር አለ። ባለሱቁ «ገበያዬን ያቀዘቀዘው ማዘጋጃ ቤቱ የሚያስከፍለው የመኪና ማቆሚያ ነው» ይላል። ማዘጋጃ ቤቱ በበኩሉ «ክፍያው ባይኖር ቦታውን አንድ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ይዞት ይውል ነበር፤ ደንበኛህም የሚያቆምበት ባጣ ነበር» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ሱቅ ለመከራየት፣ ሕንፃ ለመግዛት ወይም ንግዱን ወደ ሌላ መንደር ለማዛወር የሚያስብ ሰው ግን ከሁለቱ አንዱን ደግፎ ከመቆሙ በፊት ሒሳቡን ነጣጥሎ ማየት ይኖርበታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቆጣሪውን ያስተከሉት ነጋዴዎች ነበሩ

በዓለም የመጀመሪያው የመኪና ማቆሚያ ቆጣሪ የተተከለው ሐምሌ 1935 በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ ነው። የሐሳቡ ባለቤት ካርል መጊ የተባሉ ጋዜጠኛና የሕግ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ጉዳዩን እንዲያጠኑ አደራ የሰጣቸው የከተማው የንግድ ምክር ቤት ነበር። የነጋዴዎቹ ችግር ግልጽ ነበር። በመሐል ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ጠዋት መኪናቸውን በየሱቁ በር ላይ አቁመው ማታ ይወስዳሉ፤ ሊገዛ የመጣው ሰው ዞሮ ዞሮ ቦታ ሲያጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሰዓት 5 ሳንቲም የሚበላው ቆጣሪ ይህን ፈታው። ስለዚህ ዛሬ ነጋዴው የሚያማርርበት ክፍያ ሲጀመር ነጋዴው ራሱ የጠየቀው መድኃኒት እንደነበረ መርሳት አይገባም።

የአንድ ቦታ ዋጋ

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ ቢባል፣ ከሱቅ በር ላይ ያለ አንድ የማቆሚያ ቦታ በቀን 10 የገበያ ሰዓት አለው። የሱቁ ሻጭ ወይም የጎረቤት ቢሮ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ከያዘው ያ ቦታ ለገበያው ያመጣው ምንም ነው። በየሰዓቱ አንድ ደንበኛ ከቆመበት ግን 10 ሰው ያስተናግዳል። እያንዳንዱ በአማካይ 15 ፓውንድ ቢያወጣ ያ አንድ ቦታ በቀን የ150 ፓውንድ ሽያጭ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። የማቆሚያ ቦታ ልክ እንደ መደርደሪያ ዕቃ ነው፤ ካልተገላበጠ ትርፍ የለውም። መጠነኛ ክፍያ ሥራው ይኸው ነው፤ ቦታው እንዲገላበጥ ያደርጋል።

ችግሩ የሚመጣው ክፍያው ከመጠን ሲያልፍ ነው። ቦታው ባዶውን ከዋለ ከተማው ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ ክፍያም አልተሰበሰበ፣ ገበያተኛም አልመጣ። ገሚሱ ቦታ ባዶ ሆኖ የሚውልበት መንገድ ክፍያው መውረድ እንዳለበት ራሱ ይናገራል።

ተፎካካሪው በነፃ ያስቆማል

የእንግሊዝ ባለሱቅ ምሬት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1986 ጌትስሄድ ላይ ሜትሮሴንተር፣ በ1990 ሸፊልድ ላይ ሜዶውሆል፣ በ1999 ኬንት ውስጥ ብሉዋተር የተባሉት ግዙፍ የገበያ ማዕከሎች ሲከፈቱ በሺዎች ለሚቆጠሩ መኪናዎች ነፃ ማቆሚያ ይዘው ነው። በእርግጥ «ነፃ» የሚባለው ማቆሚያ ወጪው ከሱቅ ኪራዩ ውስጥ ገብቷል፤ ከዕቃው ዋጋ ላይም ይታሰባል። ደንበኛው ግን ለዚያ ብሎ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ስለማይቆጥር አይታወቀውም። የመሐል ከተማው ነጋዴ ደንበኛ ግን ገና ከመኪናው ሳይወርድ ይከፍላል።

ለመንግሥት ጥናት ያቀረቡት የችርቻሮ ንግድ ባለሙያዋ ሜሪ ፖርታስም በታኅሣሥ 2011 ባወጡት ሪፖርት፣ ለአካባቢው የሚስማማ ቁጥጥር ያለበት ነፃ የማቆሚያ ዘዴ በየከተማው እንዲሞከር አሳስበው ነበር። በ2015 ደግሞ በዌልስ ካርዲገን በተባለች ትንሽ ከተማ ያልታሰበ ሙከራ ተደረገ። ወሮበሎች የማዘጋጃ ቤቱን የክፍያ ማሽኖች ሰባበሩና ለጥቂት ጊዜ ማቆሚያው በነፃ ሆነ። በዚያው ሰሞን ነጋዴዎቹ ገበያቸው እንደደራ ተናገሩ።

ይሁንና ይህ የነጋዴ ምስክርነት እንጂ የተጣራ ሒሳብ አይደለም፤ ጊዜውም አጭር ነው። ቦታ በተትረፈረፈበት ትንሽ ከተማ የሠራው ነገር መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ላይ ላይሠራ ይችላል። እዚያ «ነፃ» ማለት የመጀመሪያው መጪ ቀኑን ሙሉ ያዘው ማለት ሊሆን ይችላልና።

ክፍያና ቅጣት ለየቅል ናቸው

ብዙውን ጊዜ በክርክሩ ውስጥ ክፍያና ቅጣት ተደባልቀው ይነሳሉ። ለገበያው ግን ጠባያቸው የተለያየ ነው። ክፍያ አስቀድሞ የታወቀ ዋጋ ነው፤ ደንበኛው አይቶ ይወስናል። ቅጣት ግን ድንገተኛ ነው። በእንግሊዝ ከለንደን ውጭ ከ2008 ጀምሮ በተሠራበት ደንብ አብዛኞቹ ማዘጋጃ ቤቶች እንደ ጥፋቱ ክብደት 50 ወይም 70 ፓውንድ ይቀጣሉ፤ በ14 ቀን ውስጥ ለከፈለ ግማሹ ይነሳለታል። በ10 ፓውንድ ዳቦና ኬክ ገዝቶ ሲመለስ የ25 ፓውንድ ወረቀት መስታወቱ ላይ ያገኘ ሰው ያቺ ዳቦ 35 ፓውንድ ገባችበት። እሱ ራሱ አይመለስም፤ ለጎረቤቱም ይነግራል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በቁጥር የማይገለጸው ጉዳት ነው። ከፍሎ ትኬት መስታወት ላይ የሚያስቀምጥ ደንበኛ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አስቀድሞ መገመት አለበት። አንድ ሰዓት ከከፈለ ፀጉሩን ተስተካክሎ ይሮጣል፤ ቡናውን ይተወዋል፤ ጫማውንም ሳይለካ ያልፋል። ገበያ የሚደራው ደግሞ ሰው ሳይቸኩል ሲንሸራሸር ነው። ሲወጣ በቆየበት ልክ የሚከፍልበት ማቆሚያ ግን ዋጋው ያው ቢሆን እንኳ ይህን ፍርሃት ያስወግዳል። በእንግሊዝ በሚያዝያ 2015 በማዘጋጃ ቤት ማቆሚያዎች የተከፈለበት ሰዓት ካለፈ በኋላ የ10 ደቂቃ ይቅርታ በሕግ የተደነገገውም ለዚሁ ነው።

ገንዘቡ የት ይገባል?

በእንግሊዝ በ1984 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ከመንገድ ዳር ማቆሚያ የሚተርፈው ገንዘብ በአብዛኛው ለመጓጓዣና ለመንገድ ነክ ሥራ እንዲውል ያዛል። በለንደን የባርኔት ማዘጋጃ ቤት በ2011 የነዋሪዎችን የማቆሚያ ፈቃድ ከ40 ወደ 100 ፓውንድ ሲያሳድግ ነዋሪዎች ከሰሱት። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ሐምሌ 2013 ማቆሚያ ለሌላ ወጪ ገቢ መሰብሰቢያ መሆን እንደማይችል ጠቅሶ ጭማሪውን ሕገ ወጥ አለው። ካዝናውን በቅጣት እሞላለሁ የሚል ከተማ መጨረሻው ሱቆቹ ተዘግተው ከእነሱ የሚያገኘውን ግብር ማጣት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው መሆኑ ነው።

የተሻለው ምሳሌ የሚገኘው በካሊፎርኒያ ፓሳዴና ነው። የአሮጌው ከተማ ነጋዴዎች ቆጣሪ እንዳይተከል አጥብቀው ተቃውመው ነበር። ከተማው «ከዚህ ሠፈር የሚሰበሰበው ለዚሁ ሠፈር ይውላል» ብሎ ቃል ሲገባ ግን ተስማሙ፤ በ1993 በሰዓት 1 ዶላር ማስከፈል ተጀመረ። በገቢው የእግረኛ መንገዱ ተጠገነ፣ መብራትና ዛፍ ተተከለ፣ ጽዳቱም ተጠናከረ። የፈራረሰው ሠፈር ሰው የሚንሸራሸርበት ገበያ ሆነ። ይህን ያጠኑት የሎስ አንጀለሱ ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ ትክክለኛው ክፍያ በየመንገዱ አንድ ሁለት ባዶ ቦታ እንዲኖር የሚያደርገው እንደሆነ አስረድተዋል።

ሳን ፍራንሲስኮ ከ2011 እስከ 2013 ይህንኑ በተግባር ሞከረች። መንገዱ በተጨናነቀበት ሰዓት ክፍያው ከፍ፣ ባዶ በሆነበት ዝቅ ይል ነበር። በውጤቱ የቆጣሪዎቹ አማካይ ዋጋ በ4 በመቶ ቀነሰ፤ ቦታ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ በ43 በመቶ፣ በአንድ ቆጣሪ የሚጻፈው ቅጣት በ23 በመቶ ወረደ። ክፍያው እንደ ገበያው ሲሆን ቅጣቱ ራሱ እንደሚቀንስ ይህ ያሳያል።

ነጋዴው ምን ይቁጠር?

ከማማረር በፊት መቁጠር ይቀድማል። በእንግሊዝ ብሪስቶል በ2006 በተደረገ ጥናት ነጋዴዎች ከደንበኞቻቸው 41 በመቶው በመኪና እንደሚመጡ ገምተው ነበር፤ ሲቆጠር ግን 22 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሱቅ ከመከራየቱ ወይም ለማዘጋጃ ቤት አቤቱታ ከማስገባቱ በፊት አንድ ነጋዴ የሚከተሉትን ቢያጣራ ያተርፋል፦

1ኛ. ከመቶ ገዢ ስንቱ በእግር፣ ስንቱ በአውቶቡስ፣ ስንቱ በመኪና እንደሚመጣ በሳምንቱ የተለያዩ ቀናት መጠየቅ፤

2ኛ. በሱቁ በር ላይ የቆሙት መኪናዎች የማን እንደሆኑ ማየት፤ የራሱ ወይም የሻጮቹ ከሆኑ ችግሩን የፈጠረው እሱው ነው፤

3ኛ. በየሰዓቱ ስንት ቦታ ባዶ እንደሚሆን መመዝገብ፤ ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ ነፃ ይሁን ማለት አይጠቅምም፣ ሁልጊዜ ባዶ ከሆነ ግን ክፍያው ይቀነስ ለማለት ማስረጃ ይሆናል፤

4ኛ. ደንበኛ የሚቆይበት ጊዜ ከተፈቀደው ሰዓት ጋር ይስማማ እንደሆነ ማነጻጸር፤ ለዳቦ ቤት ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ለልብስ ሰፊ ወይም ለምግብ ቤት ግን ሁለት ሰዓትም ያንሳል፤

5ኛ. የሚሰበሰበው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ማዘጋጃ ቤቱን መጠየቅ።

እነዚህን ቁጥሮች ይዞ የሚቀርብ የነጋዴዎች ማኅበር «ክፍያ ይቅር» ብሎ ከሚጮኸው የተሻለ ይደመጣል። ክፍያው እንደ ገበያው እንዲሆን፣ ሲወጡ እንዲከፈል፣ ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ በኋላ እንዲመጣ፣ ገንዘቡም መንገዱን እንዲያሳምር ለመደራደር ይችላል። ሕንፃ ለሚገዛ ባለሀብትም ቢሆን ከኪራዩ ተመን ቀጥሎ ሊመለከተው የሚገባው ደንበኛው የት እንደሚያቆምና ምን ያህል ሳይሰጋ እንደሚቆይ ነው። በር ላይ ያለችው አንዲት የመኪና ቦታ ከሱቁ ስፋት ያላነሰ ገበያ ልታመጣ ትችላለችና።